የእጅ ቫኪዩም ፓምፕ፦ ሞተር ከማስወረዳችሁ በፊት ይህን ግዙ

አሮጌ የቤንዚን መኪና የምትነዱ ሰዎች ካላችሁ ይህ ለእናንተ ነው። እቃው የእጅ ቫኪዩም ፓምፕ ይባላል። ሽጉጥ የመሰለ፣ እጀታው ሲጨመቅ አየር የሚስብ፣ አናቱ ላይ ክብ ጌጅ ያለው ትንሽ መሣሪያ ነው። መኪና ውስጥ አስቀምጬ ስጠቀምበት ከርሜያለሁ፤ ፍርዴንም ገና ከመነሻው ልናገር፦ ለገንዘቡ ይህን ያህል የሚጠቅም የጋራዥ እቃ አላየሁም። እንከን አለው፣ እሱንም አልደብቅም። ግን ግዙት።

መጀመሪያ ስለ እቃው። እኔ ጋ ያለው ማርካው ያልተጻፈበት፣ በቀይ ፕላስቲክ ሳጥን የሚመጣው ዓይነት ነው። ስሙ የታወቀው የአሜሪካው ሚቲቫክ እንዳለ አውቃለሁ፣ እሱ በጥራቱ ይሻላል፣ ዋጋውም እንደዚያው ነው። በሳጥኑ ውስጥ ፓምፑ፣ ሁለት ሦስት ቁራጭ ቱቦ፣ ቲ ቅርጽ ያላቸው መገጣጠሚያዎች፣ የተለያየ ስፋት ያላቸው የጎማ አፎችና ለፍሬን ዘይት የሚሆን ትንሽ ጠርሙስ አለ። የፓምፑ አካል ሁለት ዓይነት ነው፣ ፕላስቲክና አሉሚኒየም። አሉሚኒየሙን ውሰዱ። ፕላስቲኩ ሞተር ላይ ረስታችሁት ከሞቀ ይጣመማል፣ ከዚያ በኋላ አየር መያዝ ያቆማል። ጌጁ ላይ ሁለት ልኬት አለ፤ አንዱ በሜርኩሪ ኢንች እስከ 30፣ ሌላው በሜርኩሪ ሴንቲሜትር እስከ 76። መካኒኮች ሲነጋገሩ የምትሰሙት ብዙውን ጊዜ ኢንቹን ነው፣ እኔም በዚያው እቀጥላለሁ።

ቫኪዩም ማለት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልበል። ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ አየር ይስባል። የነዳጅ ፔዳሉን ካልረገጣችሁት ግን የአየር ማስገቢያው በር ዝግ ነው፤ ስለዚህ ከበሩ ወዲያ፣ በማኒፎልዱ (አየሩን ወደ ሲሊንደሮቹ በሚያከፋፍለው ቱቦ) ውስጥ፣ የመምጠጥ ኃይል ይፈጠራል። የድሮ መኪና መሐንዲሶች ይህን ኃይል በነጻ የተገኘ ጉልበት አድርገው ለሁሉ ነገር ተጠቀሙበት። የፍሬን ማገዣውን እሱ ይስባል። ካርቡሬተር ባለው መኪና ዲስትሪቢዩተሩ እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ እሱ ያስቀድማል። የቤንዚን ግፊት መቆጣጠሪያውን እሱ ያስተካክላል። የጭስ መመለሻውን፣ ኢጂአር የሚባለውን ቫልቭ፣ እሱ ይከፍታል። ይህ ሁሉ የሚሠራው እርሳስ በሚያካክሉ የጎማ ቱቦዎች ነው። ጎማው ደግሞ ሃያ ሠላሳ ዓመት ሞተር ላይ ሲጋገር ይደርቃል፣ አፉ ላይ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ አየር ሾልኮ ይገባል። መኪናው ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይሰጠው ቆሞ ሲሠራ) ይንቀጠቀጣል፣ መብራት ላይ ቆሞ ይጠፋል፣ ቤንዚን ይበላል። ባለቤቱም ካንዴላ ይቀይራል። ቀጥሎ ኬብል። ቀጥሎ የቤንዚን ፓምፕ። ኪሱ እስኪራቆት።

የእኔ መኪና ሱዙኪ ቪታራ ነው፣ 1.6፣ ባለ 16 ቫልቭ። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን መኪና የማያውቅ የለም። ችግሬ ሁለት ነበር። አንደኛው፣ ሲሞቅ ሚኒሞው ይዋዥቃል፣ አንዳንዴም መገናኛ አካባቢ ሰልፍ ውስጥ እንዳለሁ ድንገት ይጠፋል። ሁለተኛው፣ ወደ አዋሽ ስወርድ፣ ቆላው ሙቀት ውስጥ ትንሽ ዳገት ይዤ ነዳጅ ስሰጠው ሞተሩ ውስጥ ብረት በብረት የሚመታ የሚመስል ድምፅ ይሰማል። አዲስ አበባ ላይ ይህ ድምፅ እምብዛም አይሰማም። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ፣ ምክንያቱም ዋናው ቁም ነገር እዚያ ውስጥ ነው።

ያሳየሁት አንድ ጋራዥ ኮፈኑን ከፈተ፣ ሁለት ጊዜ ነዳጅ ሰጠው፣ "ፋሻው አልቋል፣ ሞተሩ መውረድ አለበት" አለ፤ ፋሻ የሚሉት የፒስተኑን ቀለበት ነው። ምንም አልለካም። ኮምፕሬሽን የለ፣ ጌጅ የለ፣ ቱቦ አልነካ። እኔን የሚያናድደኝ ስህተት መሆኑ አይደለም፤ ሰው ይሳሳታል። ሳይለኩ መፍረድ ነው የሚያናድደኝ። ሞተር ማስወረድ ለብዙ ቤተሰብ የወራት ወጪ ነው፣ እንዲህ ያለ ቃል በጆሮ ሰምቶ ብቻ ከአፍ መውጣት የለበትም።

እንግዲህ ወደ ልኬቱ። ፓምፑ ላይ ያለው ጌጅ ራሱን ችሎ መለኪያ ይሆናል። ሞተሩ ሞቆ ሚኒሞ ላይ እያለ ከማኒፎልዱ ላይ አንድ ቱቦ ነቅላችሁ በቲ መገጣጠሚያ ጌጁን ታስገባላችሁ። መመሪያው ላይም ሆነ በየመጽሐፉ የምታገኙት ቁጥር ጤነኛ ሞተር ከ17 እስከ 22 ኢንች ያሳያል የሚል ነው። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ! ያ ቁጥር የተጻፈው ለባሕር ጠረፍ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ናት። አየሩ ቀጭን ነው። በየ300 ሜትሩ ከፍታ ወደ 1 ኢንች የሚጠጋ ይቀነሳል፣ ስለዚህ እዚህ ጤነኛ ሞተር የሚያሳየው በግምት ከ10 እስከ 14 ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ጌጁን አይቶ 13 ሲያነብ ሞተሩ ሞቷል ብሎ ይደነግጣል። መኪናው ግን ምንም አልሆነም። የዚሁ ሞተር ልኬት አዳማ ላይ 15 አካባቢ ይደርሳል፣ አዋሽ ላይ ደግሞ 17። ሞተሩ አልተቀየረም፣ አየሩ ነው የወፈረው።

የእኔው 9 ላይ ነበር፣ መርፌውም ቀጥ ብሎ ቆሟል። የመርፌው ጠባይ ከቁጥሩ እኩል ይናገራል። ዝቅ ብሎ ሳይንቀሳቀስ ከቆመ አንድ ቦታ አየር ይገባል ወይም ታይሚንጉ (እሳት የሚሰጥበት ጊዜ) ወደ ኋላ ቀርቷል። በእኩል ጊዜ ልዩነት ቶሎ ቶሎ ወደ ታች እየተመታ የሚመለስ ከሆነ አንድ ቫልቭ አይዘጋም፣ ያን ጊዜ የቴስታታ (የሞተሩ ክዳን) ነገር ነው። ቀስ ብሎ ወዲያ ወዲህ የሚንሳፈፍ ከሆነ ደግሞ የቤንዚንና የአየር ድብልቁ ተዛብቷል። ሌላም አለ። ሞተሩን 2,500 ዙር ላይ አድርጋችሁ ስትይዙት መርፌው መጀመሪያ ወጥቶ ከዚያ ቀስ በቀስ እየወረደ ከሄደ ጭሱ መውጫ አጥቷል፤ ማርሚታው ወይም ካታሊስቱ ተደፍኗል ማለት ነው። ይህን ሁሉ አንድ ጌጅ ይነግራችኋል፣ አንድ ብሎን ሳትፈቱ።

አየር የሚገባበትን ቦታ ለመፈለግ ፓምፑን ወደ ሌላው ጎኑ ትጠቀሙበታላችሁ። እያንዳንዱን ቱቦ አንድ በአንድ ትነቅላላችሁ፣ አንዱን ጫፍ በብሎን ወይም በጣት ትደፍናላችሁ፣ በሌላው ትስባላችሁ። ጌጁ ቀጥ ካለ ቱቦው ደህና ነው። እያያችሁት ከወረደ ይቀየራል። እኔ ያገኘሁት ሁለት ነው። አንዱ ከፍሬን ማገዣው የሚመጣው ወፍራም ቱቦ ሥር፣ በዓይን የማይታይ፣ ሲታጠፍ ብቻ አፉን የሚከፍት ስንጥቅ። ሌላው ሰው የጠገነው ነበር፤ የግሉኮስ ቱቦ የሚመስል ግልጽ ፕላስቲክ አስገብቶበታል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ሲሳብ ይጣበቃል፣ ቱቦው ሳይበሳ የተዘጋ ይሆናል። ሶማሌ ተራ ለቤንዚንና ለቫኪዩም የሚሆን ጥቁር ጎማ ቱቦ በሜትር ይሸጣል፣ በጥፍር ሲጫኑት የሚመለስ መሆኑን እዩና ግዙ። ርዝመት የተረፈው ቱቦ ከሆነ ደግሞ የደረቀውን ጫፍ አንድ ሴንቲሜትር ቆርጦ መልሶ ማስገባት ይበቃል።

ካርቡሬተር ማጠቢያ ስፕሬይ እየነፉ ዙሩ ሲቀየር የሚያዳምጡ መካኒኮች አሉ። ይሠራል፣ ግን የሚነፋው ተቀጣጣይ ነገር ነው፣ ጎኑ ደግሞ የጋለ የጭስ ማውጫ አለ። የሳሙና ውሃ ይሻላል። ረዘም ያለ ቱቦ ጆሮ ላይ አድርጎ ሌላውን ጫፍ በየመገጣጠሚያው ማስጠጋትም ሲሲሲ የሚለውን ድምፅ አጥርቶ ያሰማል፤ ጸጉራችሁንና ሻሻችሁን ከቬንትሌተሩ አርቁ እንጂ። ሁለቱ ቱቦዎች ሲቀየሩ ጌጁ 13 ላይ ወጣ። ሚኒሞው ረጋ። መብራት ላይ መጥፋቱም ቀረ።

የአዋሹ ድምፅ ግን አልጠፋም። እዚህ ነው ኢጂአር የሚገባው።

ኢጂአር የተቃጠለውን ጭስ ጥቂት ወስዶ ወደ ሞተሩ የሚመልስ ቫልቭ ነው። ስትሰሙት ሞኝነት ይመስላል፣ ቆሻሻን መልሶ ማብላት። ሥራው ግን ማቀዝቀዝ ነው። ጭሱ ራሱ አይቃጠልም፣ ቦታ ይይዛል፣ የቃጠሎውን ግለት ያወርዳል። ግለቱ ከ1,300 ዲግሪ በላይ ሲያልፍ በአየሩ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ከኦክስጅን ጋር ይዋሃድና ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በአሜሪካ መኪኖች ላይ የገባውም ለዚህ ነው። መኪናው ሚኒሞ ላይ ሲሆን ቫልቩ ዝግ መሆን አለበት፤ መጠነኛ ነዳጅ ተሰጥቶት ሲሄድ ይከፈታል። ሁሉም መኪና የለውም፣ እንደተሠራበት ገበያ ይለያያል። አንድ ዓይነት ሞዴል ሆኖ አንዱ ኢጂአር ሲኖረው ሌላው ላይኖረው ይችላል። የእኔው አለው።

ታዲያ ሁለት ዓይነት ብልሽት አለ፣ ምልክታቸውም ተቃራኒ ነው። ካርቦን አፉ ላይ ተቀምጦ ሳይዘጋ ከቀረ ሚኒሞው ይበላሻል፣ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ይጠፋል። ሳይከፈት ከቀረ ወይም መንገዱ ከተደፈነ ደግሞ ሚኒሞው ሰላም ነው፣ ግን ጭነት ሲኖር ሞተሩ ያንኳኳል። ኮምፒውተሩ እሳቱን የሚሰጠው የሚመለስ ጭስ አለ ብሎ አስቦ ስለሆነ፣ ጭሱ ሲቀር እሳቱ ይፈጥናል። አዲስ አበባ ላይ ቀጭኑ አየር ይህን ይደብቀዋል፣ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ትንሽ ስለሆነ። 1,000 ሜትር ላይ ወዳለው አዋሽ ስትወርዱ አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ድምፁም ይወጣል። ለዚህ ነው "አዲስ አበባ ላይ ደህና ነው፣ ቆላ ስወርድ ነው የሚያንኳኳው" የሚል ሰው ስሰማ ወዲያው ኢጂአሩን እይ የምለው።

በፓምፑ መሞከሩ ቀላል ነው። ሞተሩ ሞቆ ሚኒሞ ላይ ይሁን። ከቫልቩ አናት ላይ ያለውን ቀጭን ቱቦ ንቀሉ፣ የፓምፑን ቱቦ ስኩ፣ ከ5 እስከ 10 ኢንች ሳቡ። ሞተሩ መንቀጥቀጥ ወይም መጥፋት አለበት። ቢጠፋ ደስ ይበላችሁ፣ ቫልቩም መንገዱም ይሠራሉ ማለት ነው፤ ችግር ካለ ቫኪዩሙን የሚልክለት መስመር ላይ ነው። ጌጁ አልቆም ብሎ ከወረደ ውስጡ ያለው ዲያፍራም (ቫኪዩሙ የሚስበው ስስ ጎማ) ተቀዷል፣ ቫልቩ ይቀየራል። ጌጁ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ዘንጉም ከሥር ሲነሳ በዓይን እየታየ፣ ሞተሩ ግን ምንም ካልመሰለው መንገዱ ተደፍኗል።

የእኔው ሦስተኛው ነው። በ12 ቁልፍ ብሎኖቹን ፈትቼ ቫልቩን ሳነሳው በሁለት ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) መሃል ቆርቆሮ አገኘሁ። የቆርቆሮ ጣሳ ተቆርጦ፣ ለብሎኖቹ ቀዳዳ በምስማር ተበስቶለት፣ ጠርዙ እንኳ ሳይስተካከል። ከኔ በፊት መኪናውን ያየ ሰው ቫልቩ አልዘጋ ስላለው ሚኒሞውን ለማስተካከል መንገዱን ደፍኖታል። ሚኒሞው ተስተካከለ፣ ባለቤቱ ከፍሎ ሄደ። ማንኳኳቱ ለሚቀጥለው ሰው ቀረ። ይህ ሥራ በከተማችን ምን ያህል የተለመደ እንደሆነ መካኒክ ወዳጅ ያለው ሁሉ ያውቀዋል፣ አንዳንዱም እንደ ጥበብ ይቆጥረዋል። እኔ ግን ጥገና አልለውም። ማንኳኳት ፒስተንን የሚበሳ ነገር ነው፣ ጭሱም የምንተነፍሰው እኛው ነን።

ማጽዳቱ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ አይከብድም። ጥላሸቱ ድንጋይ ሆኗል። በቀጭን ካቻቢቴና በሽቦ እየፋቁ፣ የካርቡሬተር ማጠቢያ እየነፉ ማውጣት ነው። ሁለት ነገር ጠብቁ። ማጠቢያው ዲያፍራሙን እንዳይነካው፣ ጎማውን ይበላዋል። ፍርፋሪው ደግሞ ወደ ማኒፎልዱ እንዳይገባ፣ ጨርቅ ወትፉበት፣ ሲያበቃም በቤት መጥረጊያ ማሽን ምጠጡት። ጓርኒሲዮኑ አዲስ ይሁን። ስትጨርሱ ቫልቩን በእጃችሁ ይዛችሁ በፓምፑ ሳቡና ልቀቁ፤ ሲዘጋ ጠብ የሚል ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ከመጽዳቱ በፊት ይህ ድምፅ አልነበረም፣ በካርቦን ላይ ለስላሳ ሆኖ ነበር የሚያርፈው።

ቫልቩ ብቻውን አይደለም። አጠገቡ ክብ፣ ሞዱሌተር የሚባል ነገር አለ፤ ክዳኑ ሲከፈት ትንሽ ማጣሪያ አለው፣ በኮምፕሬሰር ንፉት። በሙቀት የሚከፈት ቫልቭ አለ፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ቫኪዩሙ ወደ ኢጂአር እንዳይሄድ ይዘጋል፣ ሲሞቅ ያሳልፋል፣ ይህንንም ጠዋት ቀዝቅዞ አንድ ጊዜ፣ ሞቆ አንድ ጊዜ በፓምፑ ትፈትኑታላችሁ። በኤሌክትሪክ የሚከፈትም አለ። እነዚህ ሁሉ ደህና ሆነው ቫልቩ ካልሠራ የሚቀረው ቱቦው የተሰካበት ቦታ ነው። ቱቦ አዛውሮ የሚሰካ መካኒክ ስንት እንዳለ! ኮፈኑ ሥር የተለጠፈው የቱቦዎች ሥዕል ካልተቀደደ ፎቶ አንሱትና ስልካችሁ ላይ ይኑር። አንድ ማስጠንቀቂያ ለአሜሪካ መኪና ባለቤቶች፦ አንዳንድ የአሜሪካ ኢጂአር ቫልቮች የጭስ ግፊት ካልደረሳቸው ሚኒሞ ላይ ቫኪዩም አይዙም፤ የተፈጥሯቸው ነው፣ ተቀደደ ብላችሁ እንዳትጥሉት።

ፓምፑ ለቪታራው ብቻ አልቀረም። ጎረቤቴ የሆኑ አባት ካርቡሬተር ያለው የድሮ ኮሮላ አላቸው። "ልጄ፣ ዳገት ላይ አልወጣ አለኝ፣ ካርቡሬተሩ ይታጠብ አሉኝ" አሉ። ካርቡሬተሩን ሳንነካ ፓምፑን ዲስትሪቢዩተሩ ጎን ላይ ባለችው ጣሳ መሰል ነገር ላይ ሰካነው። ጌጁ ከነጭራሹ አልተነሳም። ዲያፍራሙ ተቀዷል፣ ስለዚህ እሳቱ በጉዞ ላይ ወደ ፊት አይሄድም፣ መኪናውም ጉልበት የለውም፣ ሚኒሞው ላይም አየር ይስባል። ክፍሉ ከአሮጌ ዲስትሪቢዩተር ተፈቶ ተገኘና ተገጠመ። "እንዴ አባቴ፣ መኪናውን ቀየርክልኝ እንዴ!" ነው ያሉት ሲመለሱ።

የቤንዚን ግፊት መቆጣጠሪያውንም ይፈትናል፤ እንዲያውም ለሱ ፓምፕ አያስፈልግም፣ ቱቦውን ንቀሉና ውስጡን አሽትቱ። ቤንዚን ከሸተተ ወይም ከረጠበ ዲያፍራሙ ተቀዷል፣ ለዚያ ነው ጥቁር ጭስ የሚያወጣው። ለፍሬን ማገዣውም ይሆናል። እዚህ ላይ አልቀልድም፣ ፍሬን የሚደነድንባችሁ ከሆነ ዛሬውኑ ፈትኑት። ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉን ደጋግማችሁ ርገጡ፣ እንደረገጣችሁ ሞተሩን አስነሱ፣ ፔዳሉ ከእግራችሁ ሥር ትንሽ መውረድ አለበት። ካልወረደ ቱቦው ላይ ያለውን ባለ አንድ አቅጣጫ ቫልቭ በፓምፑ ሞክሩት፤ በአንድ በኩል ያሳልፋል፣ በሌላው ይይዛል። ሁለቱም በኩል ካሳለፈ ጣሉት። የናፍጣ መኪና ያላችሁም በዚህ ትጠቀማላችሁ። የናፍጣ ሞተር በማኒፎልዱ ቫኪዩም ስለማይፈጥር የራሱ ፓምፕ አለው፣ በብዙ የቶዮታ ናፍጣዎች ዲናሞው ጀርባ ላይ ነው የተገጠመው። ጌጁን እዚያ ሰክታችሁ ፓምፑ መድከም አለመድከሙን ታያላችሁ።

አሁን እንከኑ። ከሳጥኑ ጋር የሚመጡት የጎማ አፎች ደካሞች ናቸው። ቶሎ ይሰነጠቃሉ፣ ከዚያ ፓምፑ ራሱ አየር እያስገባ መኪናችሁ ላይ ይፈርዳል። ስለዚህ ሁልጊዜ ከሥራ በፊት የቱቦውን ጫፍ በጣት ደፍናችሁ ሳቡ፣ ጌጁ መቆሙን እዩ። የተሰጠው ቱቦ አጭር ነው፣ ጌጁን እያያችሁ ነዳጅ ለመስጠት አይበቃም፣ ረዘም ያለ ግዙለት። ጌጁ ዘይት የለውም፣ መርፌው በሚንቀጠቀጥ ሞተር ላይ ይርገበገባል፤ ቱቦውን ትንሽ ቆንጠጥ ስታደርጉት ይረጋል፣ ግን የቫልቭ ምት ስትፈልጉ መቆንጠጥ የለባችሁም። ፍሬን አየር ለማስወጣት ይሆናል የሚሉትም አላረካኝም። በአየር ማስወጫው ብሎን ጥርስ ዙሪያ አየር እየሾለከ አረፋው አያልቅም፣ አየሩ ከፍሬኑ ይሁን ከብሎኑ አታውቁም። ለዚያ ሥራ ፔዳል የሚረግጥ ሰው ይሻላል። መመሪያውም ዋጋ የለውም፣ የትርጉሙ እንግሊዝኛ አይገባም፣ የከፍታ ነገርም አንድ ቃል የለበትም።

"የስልክ ስካነር አለኝ፣ ይህ ምን ያደርግልኛል?" የሚል ሰው አይጠፋም። እ.ኤ.አ. ከ1996 በፊት የተሠሩ ብዙ መኪኖች ላይ ያ ስካነር የሚሰካበት ቦታ ራሱ የለም። ቢኖርም ስካነሩ ድብልቁ አየር በዝቶበታል ይላችኋል እንጂ የትኛው ቱቦ እንደተሰነጠቀ አይነግራችሁም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከታገደ ወዲህ ደግሞ ያለንን አሮጌ መኪና ይዘን መቆየታችን አይቀርም። ይህ እቃ ከዚህ በኋላ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ለመግዛት ተክለ ሃይማኖትና መርካቶ አካባቢ የጋራዥ እቃ የሚሸጡ ሱቆች ዘንድ ጠይቁ። ዋጋው ከሱቅ ሱቅ ስለሚለያይ ዞር ዞር በሉ፣ ተከራከሩ። ሳትከፍሉ በፊት እዚያው ሱቅ ውስጥ ሞክሩት። ቱቦውን በጣታችሁ ደፍኑና ጨምቁ። መርፌው 20 አልፎ ወደ 22 ይጠጋና ይቆማል፣ ከዚያ በላይ አይሄድም። ሻጩ "ተበላሽቷል፣ ሌላ ላምጣ" ቢላችሁ አትስሙት፤ አዲስ አበባ ላይ ያለው የአየር ግፊት ከዚያ በላይ አያስኬድም፣ ጌጁ እስከ 30 የተጻፈበት ቢሆንም። 15 ላይ የሚቆም ከሆነ ግን ተዉት። የያዘውንም ለአንድ ደቂቃ ያህል ጠብቁት፣ መርፌው ከቦታው ካልተነቃነቀ እሱን አስጠቅልሉ። ቤት ስትደርሱ ፒስተኑ ላይ ያለችውን የጎማ ቀለበት የሲሊኮን ቅባት ቀቡልኝ፣ የሞተር ዘይት ግን አታስነኩት።